ኧረ ስሕተቱን እንኳ ንገሩን!

መጠበቅ እናውቃለን። ገጹ እስኪከፈት፣ ፋይሉ እስኪወርድ፣ የጠፋው መብራት እስኪመጣ፣ «ሲስተም የለም» ያለን ሰው «መጥቷል» እስኪለን ጠብቀን የኖርን ሰዎች ነን። ስለዚህ ጃቫስክሪፕት ጽፈን የምናድር ሰዎች ስናማርር ብትሰሙ ትዕግሥት ያጣን እንዳይመስላችሁ። በሦስት ሰከንድ ይደርሳል የተባለ ዳታ በሠላሳ ሰከንድ ቢደርስ እንችለዋለን። ያልቻልነው ሌላ ነው። ያልመጣውን ነገር «አልመጣም» የሚለን አጣን። ኮዱ ይሮጣል፣ ቁልፉ ይጫናል፣ «ተሳክቷል» የሚል አረንጓዴ ጽሑፍ ብቅ ይላል፤ ዳታቤዙ ሲከፈት ግን ምንም የለም። ስሕተት ነበረ፤ ያየው የለም፣ የተናገረው የለም፣ የመዘገበው የለም። ሰው ሲሆን «ዝም አይነቅዝም» ይባላል። ለኮድ ግን ዝምታው ራሱ ነቀዝ ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። ብሬንደን አይክ ጃቫስክሪፕትን በፈረንጆቹ 1995 ኔትስኬፕ ውስጥ በ10 ቀን ሠራው። የተሠራው ለብራውዘር ነው፤ ያለው ትሬድም አንድ ብቻ ነው። ስሌቱም፣ የገጹ አሳሳልም፣ ተጠቃሚው የተጫነው ቁልፍም ሁሉም በዚያው በአንዱ ያልፋል። ስለዚህ ቆሞ መጠበቅ አይችልም። ቆሞ ከጠበቀ ገጹ ይደርቃል፤ ወደ ላይ አይል፣ ወደ ታች አይል፣ ቢጫኑት አይሰማ። በዚህ ምክንያት ጊዜ የሚወስደውን ሥራ ሁሉ፣ ከሰርቨር ዳታ ማምጣትን፣ ሰዓት መቁጠርን፣ ለብራውዘሩ ይሰጥና ወደሚቀጥለው ሥራ ይሄዳል። የተሰጠው ሥራ ሲያልቅ መልሱ ወረፋ ይይዛል፤ ትሬዱ ነጻ ሲሆን ይስተናገዳል። ኢቨንት ሉፕ የሚሉት ይኸው ነው፤ አሲንክሮነስ የሚሉትም ይኸው ነው። በዚህ ቅር አይለንም። ብልህ አሠራር ነው። ራያን ዳል በ2009 ኖድን ሲሠራ ይህንኑ አሠራር ወደ ሰርቨር የወሰደው፣ አንድ ትሬድ ቆሞ ሳይጠብቅ ብዙ ሺህ ግንኙነት ማስተናገድ ስለሚችል ነው። ቅሬታችን በዚህ ላይ ከተከመረው ጋር ነው።

ከወረፋው እንጀምር። አንድ ወረፋ ቢሆን ምን ነበረበት! ሁለት ነው። በሴት ታይምአውት፣ በሰዓት ቆጣሪው፣ የላክነው በአንዱ ይሰለፋል፣ በፕሮሚስ፣ «ውጤቱን በኋላ አደርሳለሁ» በሚለው ኦብጀክት፣ የላክነው በሌላው ይሰለፋል። የፕሮሚሱ ወረፋ ባለቅድሚያ ነው፤ እሱ ሙልጭ ብሎ ካላለቀ የወዲያኛው አንድ እርምጃ አይራመድም። ስለዚህ መጀመሪያ 1 የሚጽፍ መስመር፣ ቀጥሎ በዜሮ ሚሊሰከንድ 2 የሚጽፍ ሴት ታይምአውት፣ ቀጥሎ 3 የሚጽፍ ፕሮሚስ፣ መጨረሻ 4 የሚጽፍ መስመር ብናስቀምጥ፣ የሚወጣው 1፣ 4፣ 3፣ 2 ነው። ለሥራ ቃለ መጠይቅ በተቀመጥንበት ሁሉ ይህንኑ ይጠይቁናል። መልሱን በቃላችን ይዘነዋል። ተቀጥረን ስንገባ የሚጠብቀን ግን ሌላ ነው፤ ማታ የጠፋ ትዕዛዝ፣ ጠዋት የሚደውል ደንበኛ፣ ንጹሕ የሆነ የስሕተት መዝገብ።

ሰዓቱም አይታመንም። ዜሮ ስንለው ዜሮ አይደለም፤ «ሌላው ሁሉ ካለቀ በኋላ» ማለት ነው። ታይመር ውስጥ ታይመር ደራርበን አምስት ደረጃ ካለፍን፣ ብራውዘሩ ከ4 ሚሊሰከንድ በታች አልሄድም ይላል። ተጠቃሚው ወደ ሌላ ታብ ከተሻገረ፣ የእኛ ታይመር በሰከንድ አንዴ ብቻ እንዲነቃ ይደረጋል። ረጅም ቀጠሮ ስንሰጠው ደግሞ ይብሳል። መያዝ የሚችለው ትልቁ ቁጥር 2,147,483,647 ሚሊሰከንድ ነው፤ 25 ቀን እንኳ አይሞላም። «ከ30 ቀን በኋላ አስታውስ» ስንለው ቁጥሩ ሞልቶ ይፈስና ሥራውን አሁኑኑ፣ በዚችው ቅጽበት ይሠራዋል። በዝቶብኛል አይልም። አልችልም አይልም። ብራውዘሩ ዝም፣ ኮንሶሉ ዝም፣ የወሩ ማስታወሻ ግን በዕለቱ ተልኮ አልቋል።

አንድ ነገር ለመጻፍ ሦስት መንገድ መማር ታከተን። መጀመሪያ ኮልባክ ነበር፤ «ስትጨርስ ይህን ፋንክሽን ጥራ» ብሎ መስጠት። ተጠቃሚውን አምጣ፣ ሲመጣ ትዕዛዞቹን አምጣ፣ ትዕዛዞቹ ሲመጡ ክፍያዎቹን አምጣ፣ ክፍያዎቹ ሲመጡ ደረሰኙን አውጣ። እያንዳንዱ በፊተኛው ሆድ ውስጥ ይገባል፤ ኮዱ ወደ ቀኝ እየሸሸ፣ እየሸሸ ከስክሪኑ ይወጣል፤ ታች ላይ የሚቀረው የቅንፍ ክምር ነው። በየደረጃው ስሕተት መኖር አለመኖሩን በእጅ ማየት ግድ ነው። በአንዱ ደረጃ ከተዘለለ ስሕተቱ እዚያው ተቀብሮ ይቀራል።

የሚያንገበግበን መፍትሔው እጅ ላይ የነበረ መሆኑ ነው። ዳል ፕሮሚስን በ2009 ኖድ ውስጥ አስገብቶት ነበር፤ በ2010 መጀመሪያ አወጣው። በ2018 በርሊን ላይ በተካሄደው ጄኤስኮንፍ ስለ ኖድ የሚጸጸትባቸውን 10 ነገሮች ሲዘረዝር፣ ፕሮሚስን ይዞ አለመቆየቱን ከእነዚያ አንዱ አድርጎ ተናገረ። በአደባባይ መናገሩን እናከብርለታለን። በመካከሉ ባለፉት ዓመታት ግን ዓለም ሁሉ በኮልባክ ጻፈ፤ የተጻፈውም እኛ እጅ ላይ ወደቀ። ፕሮሚስ በቋንቋው ደንብ ውስጥ የገባው በ2015 ነው፤ ፕሮሚሱን በቀላሉ የሚጠብቁልን አሲንክና አዌይት በ2017። ሐሳቡ ደግሞ ትናንት የተወለደ አልነበረም፤ ዳንኤል ፍሪድማንና ዴቪድ ዋይዝ በ1976 ጽፈውበታል። ወደ 40 ዓመት የሚጠጋ ጊዜ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ ማለት ነው።

አዲሱ መጣ እንጂ አሮጌው አልሄደም። ዛሬ አንድ ፕሮጀክት ስንረከብ ሦስቱንም በአንድ ፋይል ውስጥ እናገኛቸዋለን፤ ከላይ አዌይት፣ መሃል ላይ በዜን የተቀጣጠለ ፕሮሚስ፣ ከሥር ኮልባክ። ኮልባኩን በፕሮሚስ እንጠቀልላለን፣ ፕሮሚሱን ወደ አዌይት እናዞራለን፣ በመሃል አንዱ ስሕተቱን ለሌላው ሳያቀብል ይቀራል። ቋንቋውን አሁን ለጀመረ ልጅ «አዌይትን ብቻ ልመድ፣ ይበቃሃል» ልንለው አንችልም። አይበቃውም። የሚያነበው ኮድ ግማሹ የተጻፈው አዌይት ከመምጣቱ በፊት ነው።

አዌይት ሲመጣ ተገላገልን ብለን ነበር። ኮዱ እንደ ሰው ንግግር ከላይ ወደ ታች መነበብ ጀመረ። ግን እሱም የራሱን ጣጣ ይዞ መጣ። ቦብ ኒስትሮም በ2015 በጻፈው ጽሑፍ ፋንክሽኖችን ቀይና ሰማያዊ አድርጎ ከፍሎ እንዳሳየው፣ ከታች ያለች አንዲት ፋንክሽን አሲንክ ከሆነች ከላይ የሚጠሯት ሁሉ አሲንክ መሆን አለባቸው። የዶላሩ ምንዛሪ ፋይል ውስጥ የተጻፈ ቁጥር ነበር እንበል። አንድ ቀን «ከሰርቨር ይምጣ» ተባለ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ምንዛሪ የምታመጣዋ ፋንክሽን አሲንክ ሆነች፤ ዋጋ የምታሰላዋም አሲንክ ሆነች፤ ደረሰኝ የምታወጣዋም፣ ሪፖርት የምትሠራዋም፣ ሁሉንም የሚፈትነው ቴስትም። አንድ ቁጥር ለመቀየር ተቀምጠን ግማሹን ፕሮጀክት ነካን። ከነካነው ውስጥ በአንዷ ቦታ አዌይት ካመለጠ፣ ደረሰኙ ላይ ዋጋው በሚጻፍበት ቦታ «ኦብጀክት ፕሮሚስ» የሚል ጽሑፍ ታትሞ ደንበኛው እጅ ይገባል። ይኼ እንኳ ይሻላል፤ ቢያንስ በዓይን ይታያል።

በዓይን የማይታየውን እንይ። «አስተዳዳሪ ነው ወይ» ብላ የምታጣራ ፋንክሽን አለች። ዳታቤዝ ስለምትጠይቅ አሲንክ ናት። ጸሐፊው «አስተዳዳሪ ከሆነ የመሰረዣውን ገጽ ክፈትለት» ብሎ ጻፈ፤ ከፋንክሽኗ ፊት ግን አዌይት የለም። ፋንክሽኗ የመለሰችው «አዎ» አይደለም፣ «አይደለም»ም አይደለም፤ መልሱ ገና ያልደረሰለት ፕሮሚስ ነው። ጃቫስክሪፕት ደግሞ ኦብጀክት ሁሉ እውነት ነው ይላል። ውስጡ በኋላ «አይደለም» ቢመጣ እንኳ፣ ኦብጀክት ነውና እውነት ነው። በሩ ለሁሉም ተከፈተ። ለአስተዳዳሪውም፣ ለተራው ተጠቃሚም፣ ትናንት ለተመዘገበውም። ቀይ መስመር የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም። የሞከረው ሰው የሞከረው በራሱ በአስተዳዳሪ አካውንት ስለሆነ «ይሠራል» ብሎ አሳለፈው። ይሠራል፤ ለሁሉም ይሠራል።

ወንድሞቹም ብዙ ናቸው። ፊልተር ውስጥ አሲንክ ፋንክሽን ስናስገባ ምንም አያጣራም፤ ፕሮሚስ ሁሉ እውነት ስለሆነ የገባው ሁሉ ይወጣል። ውል ያለቀባቸውን ደንበኞች ለይተን አገልግሎት ልናቋርጥ ብለን ውል ያላለቀባቸውንም አብረን እናቋርጣለን። ፎርኢች ውስጥ አዌይት ስናስገባ ፎርኢች አይጠብቅም፤ የተመለሰለትን ፕሮሚስ ዘወር ብሎም አያየው። «ለደንበኞች በሙሉ መልእክት ላክ፣ ሲያልቅ ሁሉም ተልኳል በል» ስንለው፣ አንዱም ሳይደርስ «ሁሉም ተልኳል» ይላል። ከዚያ አንዱ ይወድቃል፣ አንዱ ይሳካል፣ «ተልኳል» ግን ተብሎ አልቋል። ስሕተቱ እንዲያዝልን ትራይ ውስጥ ያስገባነውን ፕሮሚስ በሪተርን ብቻ ስንመልሰው ካች አይይዘውም፤ ሪተርን አዌይት ስንል ይይዘዋል። አጥር ሠራን ብለን የተኛንበት ትራይ ክፍት ነበር። ይህን ሁሉ ቋንቋው ያውቃል፤ አይናገርም።

ከዚያ ፌች አለ። ከሰርቨር ዳታ ለማምጣት በየቀኑ የምንጠራው እሱን ነው። ከእሱ በፊት የነበረው በ1999 ከኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 5 ጋር የመጣው ኤክስኤምኤል ኤችቲቲፒ ሪኩዌስት ነው፤ ስሙም አጻጻፉም ረጅም ነበርና ፌች ሲመጣ ደስ አለን። ደስታችን አልቆየም። ሰርቨሩ «የጠየቅኸው የለም» ብሎ 404 ሲመልስ ፌች ተሳክቷል ይላል። ሰርቨሩ ራሱ ተበላሽቶ 500 ሲመልስ ፌች ተሳክቷል ይላል። «የመግቢያ ጊዜህ አልፏል፣ እንደገና ግባ» ብሎ 401 ሲመልስም ተሳክቷል ይላል። ለእሱ መልስ ከመጣ መጣ ነው፤ የመጣው ምን እንደሆነ አያገባውም። ካች ውስጥ የሚገባው መልስ ጨርሶ ሳይመጣ ሲቀር፣ ግንኙነቱ ሲቋረጥ ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ጥሪ በኋላ «ኦኬ ነው ወይ» ብለን በእጃችን ማየት አለብን። ያላየ ሰው ምን ይገጥመዋል? ሰርቨሩ የላከው የስሕተት ገጽ ኤችቲኤምኤል ሆኖ ይመጣል፤ ኮዱ ጄሰን ነው ብሎ ሊከፍተው ይሞክራል፤ «ያልተጠበቀ ምልክት አገኘሁ» ይላል። እኛም የጄሰኑን ኮማና ቅንፍ ስንፈትሽ እናመሻለን፤ ችግሩ ግን ሰርቨሩ መውደቁ ነበር።

የጊዜ ገደብም አላስቀመጠም። ሰርቨሩ ግንኙነቱን ይዞ ዝም ካለ ፌችም አብሮ ዝም ይላል፤ ስክሪኑ ላይ ያችው ክብ ትዞራለች። በ10 ሰከንድ ካልመጣ ይቅር ማለት ከፈለግን አቦርት ሲግናል የሚባለውን ጨምረን ራሳችን መጻፍ አለብን። ብዙው ሰው አይጽፈውም፤ ሲማር አላየውማ።

እዚህ ላይ እኛ አዲስ አበባ፣ ሐዋሳ፣ ጎንደር ያለን ሰዎች የምንናገረው አለን። ኮዱ ሲጻፍ ሰርቨሩ እዚያው ኮምፒውተር ላይ ነው፤ በጥቂት ሚሊሰከንድ ይመልሳል፣ መልሱ ሁሉ በተጠየቀበት ተራ ይመጣል፣ ሁሉም ነገር ልክ ይመስላል። ተጠቃሚው ዘንድ ሲደርስ ግን ስልኩ ከ4ጂ ወደ 3ጂ ይወርዳል፣ ከዋይፋይ ወደ ሞባይል ዳታ ይሻገራል፣ መብራት ሲጠፋ ራውተሩ አብሮ ይጠፋል። በፈጣን ኔትወርክ ዓመት ተደብቆ የሚኖር ስሕተት እዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ይወጣል።

የአውቶቡስ ትኬት የሚሸጥ ገጽ ላይ አንድ ሰው መድረሻውን በአማርኛ ይጽፋል፦ አዳማ። ድምፁን በላቲን ፊደል እየጻፍን በምንጠቀምበት ኪቦርድ ቃሉ በደረጃ ነው የሚወጣው፦ አ፣ አድ፣ አዳ፣ አዳም፣ አዳማ። የመፈለጊያ ሳጥኑ በየደረጃው ይነቃል፤ ጠንቃቃ ሰው ካልጻፈው በየደረጃው ወደ ሰርቨር ይጠይቃል። መልሶቹ በሄዱበት ተራ የመመለስ ግዴታ የለባቸውም። የ«አዳማ» መልስ ቀድሞ ደረሰ፤ ትክክለኛው ዝርዝር ታየ። ትንሽ ቆይቶ መንገድ ላይ የዘገየው የ«አድ» መልስ ደረሰ፤ ኮዱ «መልስ መጣ» ብሎ ተቀበለው፣ በትክክለኛው ዝርዝር ላይ ጻፈበት። ሳጥኑ አዳማ ይላል፤ ከሥሩ ያለው ዝርዝር አድዋ ይላል። ላቲን ቢሆን መሃል ላይ የሚወጣው የቃሉ መነሻ ስለሆነ፣ የዘገየው መልስ ውስጥ የተፈለገው ከተማም ሊኖር ይችላል። በእኛ ፊደል ግን «አድ» የ«አዳማ» መነሻ አይደለም፤ የዘገየው መልስ ሲመጣ አዳማ ከዝርዝሩ ጨርሶ ይጠፋል። ከውጭ የመጣው ማስተማሪያ ይህን አያውቅም፤ እኛ ማወቅ አለብን። መጻፉ እስኪቆም ጥቂት መጠበቅ፣ አዲስ ጥያቄ ሲሄድ የፊተኛውን መሰረዝ፣ የመጣው መልስ የመጨረሻው ጥያቄ መልስ መሆኑን ማየት ለአማርኛ ገጽ ቅንጦት አይደለም።

ከትኬቱ ቀጥሎ ክፍያው ነው። ተጠቃሚው «ክፈል» የሚለውን ይጫናል፤ ክቧ ትዞራለች። ይጠብቃል። ትዞራለች። ያልተላከ መስሎት ደግሞ ይጫናል። የመጀመሪያው ጥያቄ አልጠፋም፣ ዘግይቶ ነበር እንጂ፤ ሁለቱም ደረሱ፣ ሁለቱም ተቆረጡ። ከዚያ የደንበኛው ስልክ፣ የሒሳብ ክፍሉ ስልክ፣ «ገንዘቤን መልሱ»። ቁልፉን ለጊዜው መዝጋት፣ ለእያንዳንዱ ክፍያ የራሱን መለያ ቁጥር መስጠት፣ ሰርቨሩ ያንኑ ቁጥር ሁለተኛ ሲያይ እንዳይቆርጥ ማድረግ ይቻል ነበር። ይቻላልም። ግን የሚታሰበው ስልኩ ከተደወለ በኋላ ነው።

ብዙ ነገር በአንድ ላይ ስናመጣም ሰላም የለንም። ፕሮሚስ ኦል አራት ነገር አምጣ ሲሉት አንዱ ከወደቀ ሁሉም ወደቁ ይላል። የቀሩት ሦስቱ ግን አልቆሙም፤ ከጀርባ እየሠሩ ነው፤ መዝገቡም ይጻፋል፣ ኢሜይሉም ይላካል፣ እኛ ግን «አልተሳካም» ብለን ለተጠቃሚው ነግረናል። ተጠቃሚው ደግሞ ይጫናል፤ ኢሜይሉ ሁለት ይሆናል። የተጀመረን ፕሮሚስ ማቆም አይቻልም። የመሰረዝ ሐሳብ ለቋንቋው ደንብ አውጪ ኮሚቴ ቀርቦ በ2016 ተነሣ፤ በኋላ የመጣው የማቋረጫ ዘዴ የተሠራው ከፕሮሚሱ ውጭ ነው። የእያንዳንዱን ውጤት ለየብቻ የሚነግረን ኦልሴትልድ እንኳ የመጣው በ2020 ነው፤ ፕሮሚስ ከገባ ከ5 ዓመት በኋላ።

ካች ያልተደረገለት ስሕተትስ የት ይሄዳል? ኖድ ለዓመታት በማስጠንቀቂያ ብቻ ያልፈው ነበር፤ ፕሮግራሙ ቆስሎ መሮጡን ይቀጥላል። ከ15ኛው ቨርዥን ጀምሮ፣ በ2020 መጨረሻ፣ እንዲህ ያለ ስሕተት ፕሮግራሙን እንዲጥለው ተደረገ። ብዙ ሰው አጉረመረመ። እኛ ግን ይህን ደገፍን፤ የወደቀ ሰርቨር ይታያል፣ ቆስሎ የሚሮጥ አይታይም። ብራውዘሩ ላይ ግን ዛሬም ስሕተቱ የሚጻፈው ተጠቃሚው ከፍቶ በማያውቀው ኮንሶል ነው። ከዚህ ሁሉ የሚብሰው የሰው እጅ ያለበት ነው፤ ባዶ ካች። ስሕተቱን ይይዛል፣ ውስጡ አንድ መስመር የለም። «ቀይ እንዳይታይ ነው» ይላሉ የጻፉት ሲጠየቁ። ቀዩ አልታየም። ስሕተቱ ግን አለ።

እንዴት እንዲህ ሆነ ብለን ስንጠይቅ መልሱ ወደ ትምህርቱ ይወስደናል። በየኮርሱ የምንሰማው አንድ ምሳሌ ነው፤ አስተናጋጁ ትዕዛዝ ተቀብሎ ለኩሽና ይሰጣል፣ ምግቡ እስኪደርስ ሌላ ጠረጴዛ ያስተናግዳል፣ ሲደርስ ያመጣል። ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ግን ሁሉም የተሳካበት ቀን ምሳሌ ነው። «ሽሮው አልቋል» ብሎ የሚመለስ አስተናጋጅ የለበትም። ትዕዛዙ ኩሽና ሳይደርስ ቢጠፋ ማን እንደሚያውቅ የለበትም። ትቶ የሄደን ሰው ትዕዛዝ ማን እንደሚያስቆም የለበትም። ልምምዱም እንደዚያው ነው፤ ሴት ታይምአውትን ለሁለት ሰከንድ አስቁሞ «ይህ ሰርቨር ነው እንበል» ይባላል። የማይወድቅ ሰርቨር፣ የማይዘገይ ሰርቨር፣ ሁሌ በሁለት ሰከንድ የሚመልስ ሰርቨር። እንዲህ ያለ ሰርቨር አይተን አናውቅም።

መድኃኒቱ ጠፍቶ ቢሆን እሺ። አለ እኮ! ታይፕስክሪፕት በጥብቅ አሠራሩ ከተከፈተ ያን የአስተዳዳሪ ማጣሪያ ገና ሲጻፍ ይይዘዋል። ኢኤስሊንት ከታይፕስክሪፕት ተጨማሪው ጋር ሲሠራ፣ ያልተጠበቀና ካች ያልተደረገለት ፕሮሚስ ሲያይ የሚጮኽ ሕግ አለው። ፕሮጀክት ስንረከብ ግን ሕጉ ጠፍቶ እናገኘዋለን። ለምን ስንል «ማስጠንቀቂያው በዛብን» ይሉናል። የበዛው እኮ ስሕተቱ ነው! ሲነግረን የነበረውን አንዱን አፍ ዘግተን፣ መልሰን ለምን አልተነገረንም እንላለን።

ስለዚህ የቡድን መሪዎች ሆይ፣ ሕጉን አብሩ፤ ማስጠንቀቂያው ከበዛ ሥራው በዝቷል ማለት ነው፣ ጊዜ ስጡት። አስተማሪዎች ሆይ፣ ከመውደቁ ጀምራችሁ አስተምሩ፤ የሚሳካውን ልጁ በራሱ ይደርስበታል። ኮድ የምትገመግሙ ሰዎች፣ ባዶ ካች አታሳልፉ፤ ኦኬነቱ ያልታየ ፌች አታሳልፉ፤ የጊዜ ገደብ የሌለው ጥሪ አታሳልፉ። ቃለ መጠይቅ የምታደርጉ ሰዎች፣ የ1፣ 4፣ 3፣ 2ን ጥያቄ አንድ ጊዜ ጠይቁና ቀጥላችሁ «ሰርቨሩ ባይመልስስ፣ ተጠቃሚው ምን ያያል?» በሉን። እሱን መልሶ የሚቀጠር ሰው ይሻላችኋል።

ይህን አጥብቀን የምንለው ለኮንሶሉ ንጽሕና ብለን አይደለም። ለፈተና የተመዘገበ መስሎት ቀኑን የሚጠብቅ ተማሪ አለ። ለእናቱ ገንዘብ የላከ መስሎት ስልኩን ኪሱ የከተተ ልጅ አለ፤ አዲስ አበባም ይሁን ዱባይ። የሐኪም ቀጠሮ የያዘች መስሏት ከሩቅ የምትመጣ ሴት አለች። ሁሉም «ተሳክቷል» የሚለውን አረንጓዴ ጽሑፍ አይተው ነው የሄዱት። ካልሆነ አልሆነም ይበላቸው። አልሆነም የተባለ ሰው ደግሞ ይሞክራል፣ ይደውላል፣ ሲያቅተው በእግሩ ሄዶ ይጨርሳል። ሆኗል ተብሎ የተሸኘ ሰው ግን ምን ያድርግ?